‹‹ቆይ›› የተባለች ዘፋኝ

ባሌን ሳገባ እህቱንም አብሬ አገባሁ ማለት ይቻላል። የምንኖርባት ቤት ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት ነበረች። የውስጠኛው ክፍል የአማቴ፣ የውጪው የእኔና የባሌ፣ ወጥ ቤቷ ደግሞ የእትዬ። እትዬ የምላት የባሌን ታላቅ እህት ነው። ወጥ ቤቷ የእሷ ነበረች ስል ታበስልባታለች ማለቴ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ትኖርባት ነበር። ከምድጃው አጠገብ ታጣፊ አልጋ፣ ከአልጋው ሥር ሣጥን፣ ከሣጥኑ ላይ ጊታር። ማታ አልጋው ሲዘረጋ የማቀዝቀዣው በር ስለማይከፈት ውሃ የጠማው ሰው ‹‹እትዬ፣ እስቲ እግርሽን›› ማለት ነበረበት።

ውጪ ግን ‹‹ሽቦ›› ናት። ስሙን ያወጡላት የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ናቸው፤ በቅጥነቷ። ኋላ ጊታር ስትይዝ ሰው ሁሉ ስሙ ከጊታሩ ክር የመጣ መሰለው፤ እሷም አላረመችም። እትዬ ሰው የማረም ልማድ የላትም። ጣጣዋ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው ብል አላጋነንኩም።

የምትሠራው አውቶቡስ መናኸሪያ ነበር። ከትኬት መስኮቶቹ በላይ በብረት መሰላል የሚወጣ የመስታወት ክፍል አለ። እዚያ ስፖንጁ ተበልቶ ያለቀ ማይክሮፎን ፊት ቁጭ ብላ፣ ማን ወዴት እንደሚሄድ ለአገሩ ሁሉ ታውጃለች። ‹‹ክቡራን መንገደኞቻችን፣ በሦስተኛው መስመር የቆመው አውቶቡስ ሊነሳ ስለሆነ እባካችሁ ተሳፈሩ።›› ድምጿ ያኔ! አንድ ጊዜ ድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ፣ አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ በባዶ ጉሮሮዋ ጠርታ፣ አንድም ሰው አውቶቡስ አላመለጠውም ይባላል። እሷ ራሷ ግን ከዚያ መናኸሪያ ተሳፍራ አታውቅም። ባሌ ‹‹እህቴ ሸኚ ሆና ቀረች›› እያለ ይቀልዳል፤ እኔን ግን ቀልዱ አያስቀኝም ነበር።

አማቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። ይህንን አስቀድሜ የምናገረው ወደ ኋላ ላይ ስናደድ እንዳልረሳው ነው። ባላቸው አንድ ጠዋት ‹‹መጣሁ›› ብለው እንደወጡ በሰው ሸክም ነው የተመለሱት። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር የሚወጣ ሰው ሁሉ የማይመለስ ይመስላቸዋል። እኔ እንኳ ዳቦ ልገዛ ስወጣ መስኮቱ ሥር ቆመው እስክታጠፍ ድረስ ያዩኝ ነበር። ታዲያ ልጃቸውን ‹‹አትሂጂ›› ብለዋት አያውቁም። አንድም ቀን! የሚሉት ‹‹ቆይ›› ነው።

‹‹ቆይ፣ ወንድምሽ ትምህርቱን ይጨርስ።›› ጨረሰ። ‹‹ቆይ፣ ሥራ ይያዝ።›› ያዘ። ‹‹ቆይ፣ ያግባ።›› እኔ እንግዲህ ሦስተኛዋ ‹‹ቆይ›› ነኝ። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ‹‹ቆይ፣ ጉልበቴ ትንሽ ይሻለኝ›› ተባለ፤ ጉልበት ደግሞ በእሳቸው ዕድሜ ወደ መሻል እንደማይሄድ ማንም ያውቃል።

‹‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ›› ይሏታል።

‹‹እማዬ፣ የእኔ እንቁላል እኮ ተቀቀለ›› ትላለች እትዬ።

ከዚያ እናትና ልጅ ተያይዘው ይስቃሉ። እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ሳቃቸው ነበር። ቢጣሉ ኖሮ አንዳቸው ይሸነፉ ነበር፤ የሚሳቅበት እስር ቤት ግን በር የለውም።

እትዬ መሄድ የምትፈልገው ከባንዷ ጋር ነው። ከጎሚስታው ቤት ጀርባ፣ በአሮጌ ጎማ ክምር መካከል የሚለማመዱ ሦስት ወንዶችና እሷ ነበሩ። አያቶቻችን ሲያንጎራጉሩት የኖሩትን ዜማ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከድራም ጋር ያጋቡታል፤ ግጥሙን የምትጽፈው እሷ ናት። ግብዣ ከየከተማው ይመጣላቸዋል። ሦስቱ ይሄዳሉ፣ እሷ በመስታወቱ ውስጥ ሆና አውቶቡሳቸውን ትጠራላቸዋለች። በእነሱ ጉዞ የእሷን ዘፈን ሌላ ሰው ይዘፍነዋል። ሲመለሱ ‹‹እንዴት ነበር?›› ትላቸዋለች፤ ‹‹ያላንቺ ምን ዋጋ አለው›› ይሏታል፤ በሳምንቱ ደግሞ ይሄዳሉ።

ካሴቱ የተቀዳው እኔ በገባሁ በዓመቱ ነው። ባለሙዚቃ ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ግድግዳው ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ለጥፎ ‹‹ስቱዲዮ›› ብሎ ጠርቷት ነበር። ምሳቸውን ይዤ ስሄድ፣ እትዬ ከማይክሮፎኑ ርቃ በሩ ጋ ቆማ ስትዘፍን አየኋት። ቀረብ ካለች የመቅጃው የድምፅ መለኪያ መርፌ ቀዩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል አሉኝ። ባለሙዚቃ ቤቱ ‹‹ትንሽ ወደ ኋላ፣ እህቴ፤ አሁንም ትንሽ ወደ ኋላ›› እያለ እስከ ደጃፉ አድርሷታል። ከቤታችን የማይወጣው ድምፅ እዚያ ክፍል አልበቃው ብሎ ሳየው፣ ምሳውን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

ከዘፈኖቹ አንዱ ‹‹ቆይ›› ይባላል። እንዲህ ነው የሚለው፦

ቆይ ዝናቡ ያባራ፣ ቆይ መንገዱ ይድረቅ፤
ቆይ ሌሊቱ ይንጋ፣ ቆይ ፀሐይዋ ትሙቅ።

መጨረሻው ላይ ደግሞ ነገሩን የሚፈታው ስንኝ ነበረ፦

ቆይ ሲሉኝ፣ ቆይ ሲሉኝ፣ እሺ ብዬ ኖሬ፣
በር ላይ ቆሜ ቀረሁ ጫማዬን አስሬ።

ባለሙዚቃ ቤቱ ይህችን ቆረጣት። ‹‹ዘፈኑ እየሞቀ መጥቶ እዚህ ጋ ይቀዘቅዛል፤ ሰው ሲሰማው ሆዱ ይባባል፣ ሆዱ የባባ ሰው ካሴት አይገዛም›› አለ። እትዬ እሺ አለች። አልኳችሁ፣ ሰው አታርምም።

እንግዲህ የመጣውን ስሙ። ‹‹ቆይ›› ለወንድ ነው። ለሴት ቢሆን ‹‹ቆዪ›› ነበር የሚባለው። ሴት ልጅ ‹‹ቆይ›› ብላ ስትዘፍን የሰማ ሁሉ፣ አንድ ወንድ ጥሏት ሊሄድ ነው፣ እሷ ደጅ ላይ ቆማ እየለመነችው ነው ብሎ ደመደመ። እንዲሁ በደፈናው የሚባል ‹‹ቆይ›› መኖሩን፣ ለወንዱም ለሴቱም፣ ለሚገነፍለው ወተትም ለድመቷም የምንለው ‹‹ቆይ›› መሆኑን ማንም አላሰበም። አገሩ በሙሉ የፍቅር ዘፈን አደረገው። ባሏ ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ የተነሣባት ሴት ሁሉ ካሴቱን ትከፍታለች። በታክሲ ውስጥ ሲዘፈን ሾፌሮች ‹‹ወይኔ፣ ይሄን ሰውዬ ባገኘሁት!›› ይላሉ። እንግዶች ሳይቀሩ እኔን ወደ ጥግ ወስደው ‹‹ሰውዬው ማነው? ቆየላት?›› ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ‹‹ቆየላት እንጂ፣ ውስጥ ተኝተዋል›› ልላቸው ይቃጣኝና ምላሴን እነክሳለሁ።

አማቴ ራሳቸው ዘፈኑን ከሁሉ አብልጠው ይወዱት ነበር። ልብስ ሲያጣጥፉ ያንጎራጉሩታል። ‹‹አይ ሰው!›› ይላሉ። ‹‹እንዲህ እየለመነችው እንዴት ጨክኖ ይሄዳል?›› ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ብዙ ሰምቻለሁ፤ በዐይኔ ያየሁት ግን እሳቸው ላይ ነው።

ሌላም የተሳሳተ ሰው ነበር። ድራመሩ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። ያኔ ከአንድ ትልቅ ባንድ ጋር ባሕር ተሻግሮ ሊሠራ ተጠርቶ፣ ሻንጣውን ሸክፎ ነበር። ካሴቱ ወጣ፤ ዘፈኑን ሰማ፤ ሻንጣውን ፈታ። ለምን እንደቀረ ለማንም አልተናገረም። ባንዱ ኋላ ሲበተን የዕቃ ማመላለሻ መኪና ገዝቶ ሾፌር ሆነ። በየወሩ ማለት ይቻላል ቤታችን ይመጣል፣ ሻይ ጠጥቶ፣ የአማቴን ጉልበት ጠይቆ ይሄዳል። እትዬ ‹‹ደግ ጓደኛ›› ትለዋለች። እሱ ግን አንድ ቃል እየጠበቀ ነበር።

ከዚያ አማቴ ወደቁ። ወገባቸውን ተጎድተው አልጋ ላይ ቀሩ፤ ትንፋሻቸውም አጠረ። ባሌ ቢሮ ነው፣ እኔ የደንብ ልብስ መስፊያ ቤት መኪና ላይ ነኝ፤ ቀን ቤት የሚውል ሰው ያስፈልግ ነበር። ማን እንደሚሆን ማንም አልተሰበሰበም፣ ማንም አልተከራከረም። መናኸሪያውም እንደተመካከረብን ሁሉ፣ በዚያው ሰሞን ማስታወቂያዎቹን በሙሉ በእትዬ ድምፅ ቀድቶ በማሽን ማጫወት ጀመረ። ‹‹በሦስተኛው መስመር›› የሚለው ድምጿ መናኸሪያ ቀረ፣ እሷ ቤት ቀረች።

ስንት ዓመት ነው አትበሉኝ፣ ስቆጥረው ያመኛል። ከሥራ ስመለስ የማገኛት ወጥ ቤት ውስጥ፣ የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጣ፣ ጊታሩን እንደ ታመመ ሕፃን ደረቷ ላይ ይዛ ነው። ድምጿን አውርዳ፣ አውርዳ፣ ከሚንሿሿው ድስት በታች አድርሳዋለች፤ እናቷ ቀን ነው የሚተኙት። ደግሞም አማቴ በደካማ ድምፅ ነው የሚጣሩት፤ ካላዳመጡ አይሰማም። ስለዚህ አንድ ስንኝ ትዘፍንና መዳፏን ክሮቹ ላይ ትጭናለች። ጊታሩ ጸጥ ይላል። አገጯን ከፍ፣ አንገቷን ወደ ግራ፣ ወደ እናቷ ክፍል መጋረጃ ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። የተጣራ ከሌለ ትቀጥላለች። በዚያ አኳኋን ስንቱን ዘፈን ጻፈችው! አንድም ሰው አልሰማውም፤ እኔና ምድጃው ነን።

አንድ ከሰዓት ድራመሩ መጣ። እኔ የውጪው ክፍል ልብስ እየተኮስኩ ነበር፤ በእኔና በወጥ ቤቷ መካከል ያለው ሳንቃ ደግሞ ምስጢር አይዝም። አንድ ባለስቱዲዮ አለ አላት፣ ሌላ ከተማ፣ በልጅነቱ ያንን ካሴት ሰምቶ ያደገ፤ እሷን ለመቅዳት ይፈልጋል፣ ዘፈን ካላት።

‹‹ዘፈንስ ሞልቷል›› አለች እትዬ።

‹‹ታዲያ እንሂዳ።››

‹‹ቆይ፣ እማዬ ትንሽ ይሻላትና።››

ካውያዬን እንዳነሳሁ ቀረሁ። ቃሉ ያለ ዘፈን ከእሷ አፍ ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። በሽታ በትንፋሽ ይተላለፋል ይላሉ፤ ይሄኛውም ተላልፏል ማለት ነው።

ድራመሩ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ሰማሁ። ከዚያ፣ ‹‹እኔ እኮ ቆየሁልሽ›› አለ።

‹‹ምን?››

‹‹ቆይ አልሽኝ፣ ቆየሁ። በዘፈኑ።››

እትዬ መጀመሪያ ሳቀች። ‹‹ውይ በሞትኩት!›› ስትል ሰማኋት፤ ወዲያው ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። ‹‹ላንተ አልነበረም እኮ። ኧረ ላንተ አልነበረም፣ የኔ ወንድም።››

‹‹ታዲያ ለማን ነበር?››

በአፏ አልመለሰችለትም። ጊታሩን ስታነሳ ሰማሁ። ያንን ዘፈን ከመጀመሪያው ጀመረች፣ በዚያች በለሆሳስ ድምጿ፤ ባለሙዚቃ ቤቱ የቆረጣት ስንኝ ጋ ስትደርስም አላቆመችም። ቆይ ሲሉኝ፣ ቆይ ሲሉኝ፣ እሺ ብዬ ኖሬ፣ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ ጫማዬን አስሬ። ድራመሩ ተነሥቶ ቆመ። ‹‹አሃ›› አለ ብቻ፣ እንደ ተመታ ሰው። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ። ምስኪን ሰው፣ በአንዲት ‹‹ይ›› ዕድሜውን ከሰረ።

እሷ ሱቅ ስትወጣ የማንኪያ ድምፅ ሰማሁ፤ አማቴ የአልጋቸውን ብረት በማንኪያ ይመታሉ። ስገባ ዐይናቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ለካ አልተኙም።

‹‹ምራቴ፣ ነይ እስቲ ተቀመጪ። ያ በዘፈኑ ያለው ጨካኝ ሰውዬ... እኔ ነኝ እንዴ?››

ሌላ ሰው ቢሆን ‹‹ኧረ እማማ፣ ምን አስበው ነው›› ይል ነበር። እኔ ግን ሆዴ የሞላው በአንድ ቀን አልነበረም።

‹‹አዎ፣ እርስዎ ነዎት›› አልኳቸው።

ጣራውን አዩ። ‹‹እኔው ሳንጎራጉረው!›› አሉ። ‹‹እኔው ሰውዬውን ስረግመው!›› ሳቅ አሉና ሳቁ ትንፋሻቸውን ቆረጠው፤ ትራሱን ከፍ አድርጌ ያዝኳቸው። ትንሽ ቆይተው፣ ‹‹እኔ እኮ እንዳትሞትብኝ ነው። ሌላ አይደለም›› አሉ። ያን ጊዜ አዘንኩላቸው። ብናደድም አዘንኩላቸው።

እትዬ ዳቦና ሳሙና ይዛ ስትገባ ሳትቀመጥ ጠሯት።

‹‹ሂጂ›› አሏት።

‹‹የት እማዬ?››

‹‹ሰውዬው ወደጠራሽ። ዝፈኚ። ሂጂ።››

‹‹እሺ፣ ቆይ አንቺ ትንሽ...››

‹‹ቆይ አትበይኝ! ቃሉ የእኔ ነው።››

የድራመሩን ነገር ላደንቀው ይገባኛል፤ እንደገና ጠራነው፣ መጣ፤ መኪናውንም ይዞ መጣ። ባሌ ከቢሮ ፈቃድ ወስዶ ከእናቱ ጋር ቀረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሾርባ ሠራ፤ አማቴ ‹‹ጠላቴ ያብስልልኝ›› ብለው ነበር አሉ። እኔ ከእትዬ ጋር ሄድኩ፤ ብቻዋን ብንልካት ከመንገድ እንደምትመለስ ሁላችንም እናውቃለን። በመናኸሪያው በኩል ስናልፍ ድምፅ ማጉያው ‹‹ክቡራን መንገደኞቻችን›› አለ፣ በዚያ በድሮው ድምጿ። እትዬ የመኪናውን መስታወት ዘጋችው። ‹‹እንዴት ትጮሃለች ይቺ ልጅ!›› አለች። ሳቅን፤ እኔ ግን ሳቁ መሃል ላይ ጨነቀኝ።

ስቱዲዮው የእንቁላል ካርቶን የለበትም። ግድግዳው በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ ነው፣ በሩ ሲዘጋ ጆሮ ይደፈናል፣ በመስታወቱ ወዲያ ማዶ ባለስቱዲዮው ተቀምጧል፤ ሸሚዙን እስከ ክርኑ የሰበሰበ፣ ቁጥብ ወጣት። የመጀመሪያውን ዘፈን ጀመረች። ወጣቱ አቆማት።

‹‹እናቴ፣ ይቅርታ፣ ድምፅሽን ትንሽ ከፍ አድርጊው።››

ዘፈነች።

‹‹ትንሽ ከፍ።››

‹‹እየጮህኩ እኮ ነው›› አለች እትዬ።

እውነቷን ነው፣ አንገቷ ላይ ያለው ሥር ተወጥሯል። የሚሰማው ግን ሹክሹክታ ነበር። ወጣቱ ተነሥቶ ማይክሮፎኑን አስጠጋላት። ትንሽ አስጠጋው፣ አሁንም አስጠጋው፣ ከንፈሯን እስኪነካ። እሷን ከማይክሮፎን ለማራቅ ወደ በር የገፏትን ቀን እኔ አይቻለሁ፤ እንግዲህ ምን ልበል።

ሁለተኛ ችግር ደግሞ ነበረ። ‹‹እዚህ ጋ የምታቆሚው ሆን ብለሽ ነው?›› ብሎ ጠየቃት።

‹‹የት ጋ?››

አሰማት። ስንኙ ያልቃል፣ ክሮቹ ይታፈናሉ፣ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ይቀጥላል። በእያንዳንዱ ዘፈን፣ በእያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ። እትዬ ግንባሯን ቋጥራ ሰማች። ‹‹ማሽንህ ነው›› አለችው። የምሯን ነው። አታውቀውም። እኔ ግን በመስታወቱ ስትዘፍን ሳያት፣ መዳፏ ሲወርድ፣ አገጯ ከፍ ሲል፣ አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል ሲል አየሁ፤ በዚያ በኩል ወፍራሙ ጨርቅ እንጂ መጋረጃም አልጋም የለም። ቤቱን ጥለን የመጣን መስሎኝ ነበር። ለካ ተሸክማው መጥታለች።

ድራመሩ ክፍተቱን በድራም ሊሞላው ሞከረ። በሞላው ቁጥር ትጠፋለች፣ ቀጣዩን ቃል ታጣዋለች፣ ‹‹ምን ነበር?›› እያለች ዙሪያዋን ታያለች። በመጨረሻ ዱላውን አስቀምጦ ወደ እኔ ወጣ፤ የማውቀውን ነገርኩት። ከዚያ በኋላ በየክፍተቱ እጁን አንሥቶ እሷ እስክትመለስ ጠበቃት። መጠበቅ እንደሆነ ይችልበታል።

ቅጂው ሲወጣ የተባለውን ብትሰሙ! ራዲዮ ላይ ዘፈን የሚተነትኑ ሰዎች ‹‹ዝም አይነቅዝም እንዲሉ፣ ሽቦ ከቃሏ ይልቅ በዝምታዋ ትናገራለች›› አሉ። ‹‹ዕድሜ ያበሰለው፣ ለጆሮ ብቻ የተመጠነ ድምፅ›› አሉ። ዛሬ ዛሬ ወጣት ዘፋኞች ስንኝ ጨርሰው ክር እያፈኑ ዝም ይላሉ፣ እሷን ለመምሰል። አንዱን ቲቪ ላይ ሳየው ጫማዬን ልወረውርበት ፈልጌ ነበር። ምን አለብህ አንተ፣ ማን ታሞብህ ነው?

አማቴም ሰሙት። ባሌ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርጎላቸው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ‹‹ጥሩ ነው። ግን ምን ሆና ነው እየቆየች የምታቆመው?›› አሉ። ‹‹ዘፈኑን ትጨርሰው እንጂ።›› ባሌ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ያ ክረምት ሳይወጣ አማቴ አረፉ፤ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ ሆኖ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከማንም በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን እትዬን የውስጠኛውን ክፍል ውሰጂ አልናት። አልወሰደችም። ‹‹በይ እንግዲህ፣ አሁን የሚተኛ ሰው የለም፤ እንደ ድሮሽ ጩኺ›› አልኳት። ‹‹እሺ›› አለች፣ በለሆሳስ። አምስት ከተማ ጠራት፣ ሁሉንም እሺ አለች፤ የሚያስቀራት ነገር አልነበረም። ደስ አለኝ፣ ይኸው ወጣች ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ።

የመጀመሪያው ዝግጅት በእኛው ከተማ አዳራሽ፣ እሑድ ከሰዓት ነበር። እኔና ባሌ ፊት ለፊት ተቀምጠናል። ሰው ግጥም ብሎ ሞልቷል፣ ወንበር ያጣው በግድግዳው ተደርድሯል። ‹‹ቆይ››ን ስትጀምር አዳራሹ ተናወጠ፤ ወዲያው ደግሞ እሷን ለመስማት ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። ቆይ ዝናቡ ያባራ፣ ቆይ መንገዱ ይድረቅ። መዳፏ ክሮቹ ላይ ወረደ። አገጯ ከፍ አለ። ጸጥታው ሲረዝም ተሰማኝ፤ ከሌላው ጊዜ ረዘመ። ድራመሩ እጁን እንዳነሳ ነው።

‹‹አቤት!›› አለች እትዬ።

በማይክሮፎኑ ነው ያለችው፣ አዳራሹ በሙሉ ሰማት። ሰዉ የመለሰችው ለእሱ መሰለው። ሳቀ፣ አጨበጨበ፣ ‹‹ሽቦ! ሽቦ!›› እያለ ጮኸ፣ እግሩን መሬት ላይ መታ። ባሌ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ‹‹እማዬ ናት›› አለኝ፣ ‹‹እማዬ የጠራቻት መስሏት ነው።››

እሷ አልሳቀችም፣ ሰዉንም አላየችም። አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል እንዳደረገች፣ ምን እንደምትታዘዝ ለመስማት ቆማ ትጠብቅ ነበር።